ጉንዳን ነው ሸረሪት? በአምበር ውስጥ ያለን ፍጥረት ስለመለየት

ሰላም ለለጣፎው ወንድማችን። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ከሰሜን ሸዋዋ ዓለም ከተማ የመጣ ነው ተብሎ በተሰጠዎት አምበር (እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጥንታዊ የዛፍ ሙጫ) ውስጥ ያለው ጉንዳን ነው ወይስ ሸረሪት? ድንጋዩስ እውነተኛ ነው? ከለጠፉት ፎቶ ሥር ስምንት እግር የቆጠሩም አሉ፣ ስድስት ነው ያሉም አሉ። አምበር ውስጥ ግን እግር ቆጠራ ብቻውን ያሳስታል። የጉንዳን ስድስት እግር ከሁለት አንቴናው ጋር ስምንት ይሆናል። ሸረሪት ደግሞ ከአፉ ግራና ቀኝ ሁለት መዳበሻዎች ስላሉት አሥር ሊመስል ይችላል፤ ሙጫው ሲይዘው አንድ እግር ጥሎ ከሆነ ቁጥሩ እንደገና ይዛባል።

ስለዚህ ቁጥሩን ትተው የእያንዳንዱን እግር መነሻ ይከተሉ። የሸረሪት አራቱም ጥንድ እግሮች የሚበቅሉት ከፊተኛው የሰውነት ክፍል ነው፤ ሆዱ ላይ አንድም እግር የለም። ሰውነቱ ሁለት ክፍል ነው፣ በቀጭን ዘንግ የተያያዘ። ጉንዳን ራሱ፣ ደረቱና ሆዱ ለየብቻ ይታያሉ፤ ወገቡ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጉብታ አለ። አንቴናው ከራሱ ፊት ይነሳል፤ የመጀመሪያው አንጓ ረዥም ሆኖ ከዚያ እንደ ክርን ይታጠፋል። ሆዱ ጫፍ ላይ አጫጭር የድር መፍተያዎች ካዩ ሸረሪት ነው። የመዳበሻው ጫፍ ካበጠ ደግሞ ወንድ ሸረሪት ነው፤ ዝርያውን ለመለየት ከሁሉ የሚጠቅመውም ይኸው ስለሆነ በደንብ ፎቶ ያንሱት።

አንድ ወጥመድ አለ። ጉንዳን የሚመስሉ ሸረሪቶች የፊት እግራቸውን እንደ አንቴና ያነሳሉ፣ ሰውነታቸውም ወገብ ያለው ይመስላል። እዚህ የሚለየው ጫፉ ነው፦ እግር በጥፍር ያልቃል፣ አንቴና ጥፍር የለውም። ዓይኑንም ይዩ፤ ሸረሪት አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ወይም ስድስት ነጠላ ዓይን አለው፣ የጉንዳን ግን በግራና በቀኝ አንድ አንድ ነው።

ይህን ሁሉ በደረቁ ለማየት አይሞክሩ። አምበር ብርሃንን በጣም ይሰብራል፤ ጠመዝማዛ ገጹና ጭረቱ እግሩን ያጣምሙታል፣ አንዳንዴም አንዱን ሁለት ያደርጉታል። በለብታ ውሃና በአንድ ጠብታ ሳሙና አጥበው፣ ትንሽ የብርጭቆ ሳህን ውስጥ አስቀምጠው ከፋርማሲ በሚገዛ ግሊሰሪን ይሸፍኑት። የግሊሰሪን የብርሃን ስብራት 1.47፣ የአምበር 1.54 ስለሆነ ገጹ የጠፋ ያህል ይሆናል። ግሊሰሪን ካጡ በክብደት ሁለት እጅ ስኳር በአንድ እጅ ውሃ አሟሙተው፣ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጠቀሙ፤ ትኩስ ከሆነ አምበሩ ይሰነጠቃል። መብራቱ ከጎን ይምጣ፤ ከሥሩ አንዴ ነጭ አንዴ ጥቁር ወረቀት ያድርጉ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል።

አሁንም ካልታየ በውሃ የራሰ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቁጥር 800፣ 1200፣ ከዚያ 2000፣ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ዘርግተው ገጹን ያስተካክሉ። ከፍጥረቱ በላይ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር ይተዉ። በደረቁ መፈተግ ያሞቀዋል፤ ገጹ ይጣበቃል፣ ወዲያውም ስንጥቅ ይነሳል። ማሳረጊያው የጥርስ ሳሙና በጥጥ ጨርቅ ነው።

ስለ እውነተኛነቱ፦ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 50 ግራም ጨው (ሦስት ያህል የሾርባ ማንኪያ) ያሟሙ። መስታወትና ቤክላይት (ጠንካራ የድሮ ፕላስቲክ) ይሰምጣሉ፣ አምበር ይንሳፈፋል። ነገር ግን ኮፓል የሚባለው ገና ያልበሰለ ሙጫም፣ አንዳንድ ፕላስቲክም ይንሳፈፋሉ፤ ስለዚህ መንሳፈፉ ብቻ ማስረጃ አይደለም። ከፍጥረቱ ራቅ ባለ ጠርዝ ላይ አንድ ጠብታ አሴቶን አድርገው ከግማሽ ደቂቃ በኋላ በጣት ይንኩ፤ ከተጣበቀ ኮፓል ወይም ፕላስቲክ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሆነ አሴቶን ያለው መሆኑን ጽሑፉ ላይ ያረጋግጡ፣ የሌለውም ይሸጣል። የጋለ መርፌ የሚመክሩዎትን አይስሙ፤ ጠባሳው አይወጣም።

ድንጋዩ እውነተኛ ሆኖ ውስጡ ያለው ሐሰት ሊሆን እንደሚችልም አይርሱ። በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በባልቲክ አምበር ውስጥ እንዳለ ጥንታዊ ዝንብ ተቆጥሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖረው ናሙና፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ሐሰት መሆኑ ታወቀ፦ አምበሩ ለሁለት ተከፍሎ፣ ተቦርቡሮ የዘመናችን ዝንብ ተከቶበት ነበር። በፍጥረቱ ዙሪያ ቀጥ ያለ ስፌት ወይም በአንድ መስመር የተደረደረ የአየር አረፋ ይፈልጉ። መሀል ላይ እግሩን አሳምሮ ዘርግቶ የተኛ ትልቅ ነፍሳትም ያጠራጥራል፤ ሙጫ የያዘው ፍጥረት አብዛኛውን ጊዜ የተጣመመ ነው።

በእርግጥ ከዓለም ከተማ ከሆነ ዕድሜውን በተመለከተ አሮጌ ጽሑፍ አያሳስትዎት። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን ሚዮሲን ወደሚባለው የምድር ታሪክ ዘመን መጀመሪያ፣ ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ድረስ ወርዷል። ይህ ለመለየቱ ሥራ ትልቅ ለውጥ ነው፦ እጅግ አሮጌ በሆነው የምያንማር አምበር ውስጥ ከሚገኙት፣ ዘራቸው ከጠፋ ጉንዳኖች ሥዕል ጋር ሳይሆን ከዛሬዎቹ የአፍሪካ ጉንዳኖችና ሸረሪቶች ጋር ነው ማስተያየት ያለብዎት።

እስከዚያው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም መስኮት ላይ አያስቀምጡት፤ የእኛ አካባቢ ፀሐይ ኃይለኛ ነው፣ ሙቀቱም ገጹን ይሰነጣጥቀዋል። በግሊሰሪን ውስጥ ሳለ ከላይ፣ ከሥርና ከጎን ሦስት ፎቶ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርገው እዚህ ይለጥፉ፤ የፊተኛው ጥንድ ጫፍ ላይ ጥፍር መኖር አለመኖሩንም ይጻፉልን።