ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ለኤጀንቱ ምን ማለት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ የሐዋሳ አባላችን ፊትቢቱን (እርምጃና የልብ ምት የሚመዘግብ የእጅ ሰዓት) በኤምሲፒ ቱል (ኤጀንቱ ከውጭ መረጃ የሚያመጣበት ትንሽ ፕሮግራም) በኩል ከኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም ፕሮግራሞችን እየጠራ ጥያቄ ከሚመልስ ረዳት፣ ጋር አገናኝቷል። «ቅዳሜ ጥር 3 ቀን 2017 ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል ስሄድ ስንት እርምጃ ሄድኩ?» ሲለው ዜሮ ይለዋል። ስልኩ ላይ ያለው አፕ ግን እርምጃውን ያሳያል።

ወንድሜ፣ ቱሉን ከመንቀልህ በፊት ኤጀንቱ ወደ ቱሉ የላከውን ቀንና ሰዓት አውጥተህ እየው። «12:30» ወይም «2017-01-03» የሚል ካገኘህ ነገሩ አለቀ። ሞዴሉ (ኤጀንቱን የሚያስበው ኤአይ) የኛን ሰዓትና ቀን እንዳለ አስተላልፎታል፤ ፊትቢት ደግሞ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። አንተ የፈለግከው 2025-01-11፣ ከ06:30 ጀምሮ ያለውን ነው።

«ወደ ፈረንጅ ቀይር» ብሎ ለሞዴሉ በጽሑፍ ማዘዝ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ ስለዚህ አትመነው። ልወጣው በቱሉ ኮድ ውስጥ ይሁን። ዝም ብሎ 6 መደመርም ያሳስታል፤ 12:30 ላይ 6 ስትደምር 18:30 ይሆንና የጠዋቱ ጉዞ ማታ ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ሰዓቱ 12 ከሆነ 0 አድርገው፣ ከዚያ ለጠዋትና ለቀን 6፣ ለማታና ለሌሊት 18 ደምር። ድምሩ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንስና ቀኑን በአንድ አሳድግ። ሰው «ቅዳሜ ሌሊት 7 ሰዓት» ሲል በፊትቢት መዝገብ የእሁድ 01:00 ነው። «ቅዳሜ ንጋት 11 ሰዓት» ሲል ግን ቀኑ አይሻገርም፣ እዚያው ቅዳሜ 05:00 ነው። ይህንን ለይተህ ጻፈው። ቀኑን ስትለውጥም የጳጉሜን 6 አትርሳ፤ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ላይ ሲውል፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ ነው የዋለው።

ቱሉ መልስ ሲሰጥ የተረዳውን ጊዜም አብሮ ይመልስ፤ «ቅዳሜ 2025-01-11 ከ06:30 እስከ 07:30» ብሎ። ስህተት ካለ ዓይንህ ወዲያው ያየዋል።

ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላም ቁጥሩ ካልገጠመ የአካውንቱን የጊዜ ክልል እይ። የእጅ ሰዓቱ ከውጭ አገር በስጦታ መጥቶ አካውንቱን እዚያው ያለ ዘመድ ከፍቶት ከሆነ የዚያ አገር ክልል ሊቀር ይችላል። ፕሮፋይሉን ስትጠይቅ ከዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ያለው ልዩነት 10800000 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም 3 ሰዓት፣ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ሲንክ፣ ማለትም መረጃው ከእጅ ሰዓቱ ወደ ፊትቢት ሰርቨር መተላለፉ፣ ነው። የእጅ ሰዓቱ በቀጥታ ለሰርቨሩ አይልክም፤ በብሉቱዝ ወደ ስልክ፣ ከስልክ በኢንተርኔት ነው የሚሄደው። ዳታ ዘግተህ ከዋልክ ኤጀንቱ ያልደረሰውን ሊያነብልህ አይችልም። «ሴቲንግስ» የሚለውን ፈቃድ ጨምረህ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ጠይቅና የመጨረሻውን የሲንክ ሰዓት ከመልሱ ጋር አሳይ። መሣሪያው የደቂቃ በደቂቃ ዝርዝር የሚይዘው 7 ቀን ብቻ ነው፤ ሲንክ ሳታደርግ ከዚያ ካለፈ የቀን ድምር እንጂ የጠዋቷን ጉዞ ለብቻዋ አታገኝም። እርምጃ ዜሮ ሆኖ የልብ ምትም ከሌለ ደግሞ ምናልባት የእጅ ሰዓቱን አላሰርከውም ነበር፤ ቱሉ ይህንን «አልተራመደም» ከሚለው ይለየው።

የደቂቃ መረጃ ስትጠይቅ 403 (ክልከላ የሚል የስህተት ኮድ) የሚመጣብህ ብዙውን ጊዜ ቱልህን እንደ አፕ ፊትቢት ዘንድ ስትመዘግብ ዓይነቱን «ፐርሰናል» ስላላልከው ነው፤ ለሌሎቹ ዓይነቶች ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። የመመለሻ አድራሻውም (ፈቃድ ከሰጠህ በኋላ ፊትቢት የሚመልስህ ሊንክ) መጨረሻ ላይ ያለችው ጭረት ሳትቀር ከመዘገብከው ጋር አንድ ይሁን።

የአንድ ቀን የደቂቃ መረጃ 1440 ረድፍ ነው። ይህንን ሁሉ ለሞዴሉ ሰጥተህ «ደምር» ማለት ቶክን (ሞዴሉ ጽሑፍ የሚቆጥርበት መለኪያ) ከመፍጀቱም በላይ ድምሩ ይሳሳታል። ድምሩን ኮዱ ይሥራ፤ ሥርጭቱን ማየት ከፈለግክ በ15 ደቂቃ ክፍል አምጣ፣ 96 ረድፍ ይበቃል። የወር ጥያቄ ሲመጣም ኤጀንቱ እያንዳንዱን ቀን ለየብቻ እየጠራ 30 ጊዜ እንዳይመላለስ ከቀን እስከ ቀን የሚቀበል ሌላ ቱል ስጠው። ለአንድ ተጠቃሚ የተፈቀደው በሰዓት 150 ጥሪ ነው፤ ካለፈ 429 (ጥሪ በዛ የሚል የስህተት ኮድ) ይመጣል፣ ቆጠራውም የሚታደሰው አዲሱ ሰዓት ሲገባ ነው።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ግን «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የሚለውን ነው። አክሰስ ቶክኑ (ቱሉ ወደ ፊትቢት አካውንትህ የሚገባበት ቁልፍ) ለ8 ሰዓት ነው የሚቆየው፤ ማደሻው ሪፍሬሽ ቶክን ደግሞ አንዴ ብቻ ያገለግላል። አዲሱ እንደመጣ ከሁሉም በፊት ዲስክ ላይ ጻፈው፤ መጀመሪያ በጊዜያዊ ፋይል፣ ከዚያ ስሙን በመቀየር። በጽሕፈት መሃል መብራት ከሄደ አሮጌው ሞቷል፣ አዲሱ አልተቀመጠም፤ እንደገና መግባት ነው። ሁለት ፕሮግራም አንድ የቶክን ፋይል ሲጋራም አንዱ የሌላውን ይገድላል፣ ስለዚህ ማደሱን ለአንዱ ብቻ ተወው።

ቱሉ ከኤጀንቱ ጋር በስታንዳርድ ኢንፑትና አውትፑት (በፕሮግራሙ የጽሑፍ መግቢያና መውጫ) የሚነጋገር ከሆነ ለፍተሻ ብለህ የከተትካት አንዲት «ፕሪንት» (ጽሑፍ የምታወጣ ትዕዛዝ) መልእክቱን ታበላሸዋለች፤ ሎግህን ወደ ስታንዳርድ ኤረር ላከው። ካስተካከልክ በኋላ የእጅ ሰዓቱን ሲንክ አድርግና ያቺኑ የቅዳሜ ጥያቄ ድገማት፤ አሁንም ዜሮ ከሆነ ቱሉ የመለሰውን ጥሬ ጽሑፍ እዚህ ለጥፍ፣ ቶክኑን ግን አጥፍተህ።