«በጀት የለም» ለተባለ የሰፈር ጥያቄ፦ ከማዘጋጃ ቤት ሥራ የማውቀው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሰፈራችሁ የጎርፍ መውረጃ ቦይና የመንገድ መብራት እንዲሠራለት ሦስት ዓመት ሲጠይቅ መልሱ ሁሌ «በጀት የለም» ሆኗል። አሁን ነዋሪው አንቺን ተወካይ አድርጎ ስለመረጠ «ከየት ልጀምር? ማንን ላናግር?» ብለሻል። እኔ በአንዲት ትንሽ ከተማ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት፣ ኋላ ደግሞ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ሠርቻለሁ። እንደናንተ ያለ ጥያቄ በየዓመቱ በእጄ ያልፍ ነበር። የአንዱ ሰፈር ጥያቄ ሥራ ሆኖ ሲወጣ የሌላው ፋይል ውስጥ የሚቀረው ለምን እንደሆነ በቅርብ ስላየሁ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። አብዛኛው ሰው ከንቲባውን በአካል ማግኘት ላይ ይደክማል። እኔ ያየሁት ግን ሥራ ሆነው የወጡት ጥያቄዎች በጊዜያቸው፣ ለሚመለከተው ክፍል፣ በወረቀት የገቡት ናቸው።

መጀመሪያ ቦዩ የማን እንደሆነ አጣሩ። ብዙዎቹ ትንንሽ ከተሞቻችን መኪና መንገድ ተከትለው ያደጉ ናቸው። ጎርፉ የሚመጣው ከዋናው አስፋልት ዳር ከሆነና መንገዱ የፌዴራል ከሆነ ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደለል ቢጠርግ እንጂ አፍርሼ ልሥራው ቢል በራሱ ሥልጣን አይችልም። እንዲህ ሲሆን ከማዘጋጃ ቤቱ የሚጠየቀው ለመንገዶች አስተዳደር ደብዳቤ እንዲጽፍላችሁና እንዲከታተል ነው። ውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ያለ ቦይ ግን የማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ማመካኛ የለውም።

መብራቱ ሌላ ነገር ነው። ምሰሶውንና አምፖሉን ማዘጋጃ ቤቱ ያቀርባል፣ መስመሩን የሚያገናኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፣ የየወሩን ሂሳብ ደግሞ መልሶ የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ስለዚህ ኃላፊዎቹን የሚያሳስባቸው አምፖሉ ሳይሆን ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚመጣው ሂሳብ ነው። ቦዩንና መብራቱን በአንድ ደብዳቤ አትጠይቁ። ሁለቱ የሚሄዱት ወደተለያየ ሰው ነው። አብረው ከገቡ አንዱ ሌላውን ይዞት ይቀራል።

የከተማችሁን ደረጃም እወቁ። በአማራ ክልል ከተማ አስተዳደር፣ መሪ ማዘጋጃ ቤት፣ ንዑስ ማዘጋጃ ቤት፣ ታዳጊ ከተማ የሚባል አከፋፈል አለ፤ በሌላ ክልል ስሙ ይለያያል። ከንቲባና የራሱ ምክር ቤት ያለው ከተማ ከሆነ ጉዳያችሁ እዚያው ይቋጫል። በሥራ አስኪያጅ የሚመራ ማዘጋጃ ቤት ከሆነ ግን ወረዳው ስላለበት ለወረዳው አስተዳደርም ግልባጭ ይደረግ። ይህን ሳያውቁ የማይወስን ሰው በር ላይ ዓመት የጨረሱ አሉ።

አሁን ወደ «በጀት የለም» ልምጣ። የከተማ ገንዘብ ሁለት ኪስ አለው። አንዱ ከክልል የሚመጣው ድጎማ ነው። እሱ በአብዛኛው የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ነው፣ ከዚያ ላይ ለቦይ የሚተርፍ የለም። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤት ገቢ የሚባለው ነው፦ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ ሊዝ፣ የማዘጋጃ ቤት ሱቆች ኪራይ፣ የገበያ ቦታ፣ የመናኸሪያ፣ የቄራ፣ የግንባታ ፈቃድ። መንገድ፣ ቦይ፣ መብራት፣ ጽዳትና የቀብር ቦታ የሚሠራው በዚህ ነው። «በጀት የለም» ስትባሉ «የትኛው? ከማዘጋጃ ቤት ገቢ ለመሠረተ ልማት ዘንድሮ ስንት ተይዟል? የት ሰፈር ላይ ዋለ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የመልሱ ዓይነት ይቀየራል።

በእውነትም ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ አልክድሽም። የቤት ግብሩና የቦታ ኪራዩ መሠረቱ ለብዙ ዓመታት በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነበር፣ በብዙ ከተማ የቤቶቹ ግምትም የቆየ ነው። ቤቱ ከጭቃ ወደ ብሎኬት ተቀይሮ ግብሩ የጭቃው ሆኖ የቀረ ስንት አለ። ከተማችሁ በዓለም ባንክ ድጋፍ ይካሄድ በነበረው ዩአይአይዲፒ በሚባለው የከተሞች ተቋምና መሠረተ ልማት ማሻሻያ ፕሮግራም ውስጥ ታቅፎ ከነበረ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሲጀመር 117 ከተሞችን ይዞ ነበር። በዚያ የታቀፉ ከተሞች የካፒታል ዕቅዳቸውን ነዋሪ አወያይተው ማውጣት ነበረባቸው፣ ስለዚህ የተቀመጠ የዕቅድ ሰነድ ይኖራል። የእናንተ ሰፈር ተጽፎ እንደሆነ አሳዩን በሉ። አንዳንዴ ሥራው በዕቅድ ተይዞ ሳይሠራ እየተንከባለለ የመጣ ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ በላይ የማሳስብሽ ግን ጊዜውን ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰው ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚሮጠው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጎርፉ ቤት ሲገባበት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የዓመቱ በጀት ተደልድሎ አልቋል፣ ቆፍሮ ድንጋይ ለመገንባትም ዝናቡ አይፈቅድም። በዚህ ወቅት የሚገኘው የአሸዋ ጆንያና «ለሚቀጥለው ዓመት እንይዘዋለን» የሚል የቃል ተስፋ ነው። በክረምት የሚሠራው ማስረጃ መያዝ ነው፦ ጎርፉ የት ጋ ገንፍሎ የማን ግቢ እንደገባ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጻፉ፣ የውኃውን ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ደብዳቤው ግን ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ይግባ። ባለሙያዎቹ የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ የሚያሰባስቡት በየካቲትና በመጋቢት አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ካቢኔ ይሄዳል፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ሚያዝያ ላይ የመጣ ደብዳቤ የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነው።

ጥር ሌላም ጥቅም አለው። የግማሽ ዓመት አፈጻጸም የሚገመገመው ያኔ ስለሆነ ያልተንቀሳቀሰ ሥራ ይታያል፣ ገንዘቡም ወደ ሌላ ሥራ ሊዛወር ይችላል። ለሙሉ ቦይ ባይበቃም ለመሻገሪያ ቱቦ ወይም ለጥቂት ሜትር ሊሆናችሁ ይችላል። ሰኔ ላይ ግን ተስፋ አታድርጉ። በሰኔ የሚሆነው የግዥ ሩጫ ነው። ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ሲሚንቶ ይገዛል፣ ሞዴል 19 በሚባለው የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ ገቢ ይሆናል፣ ከዚያ ክረምቱን ሙሉ የሚያንጠባጥብ መጋዘን ውስጥ ይከርምና መስከረም ላይ ከረጢቱ ሲነሳ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ይህን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኝ ነበር፣ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። የሰው ግብር ነው።

ደብዳቤውን እንዴት እንደምትጽፉት ልንገርሽ፣ ምክንያቱም መዝገብ ቤት ተቀምጬ ስንቱን ባለ አራት ገጽ አቤቱታ ተቀብያለሁ። መግቢያው ላይ መንግሥትን ማመስገንም መውቀስም አያስፈልግም። ጉዳዩ በአንድ መስመር ይጻፍ፦ «ጉዳዩ፦ ከወፍጮ ቤቱ እስከ እንጨት ድልድዩ ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲሠራልን ስለመጠየቅ»። ከዚያ ርዝመቱ በሜትር ስንት እንደሆነ (በገመድም ቢሆን ለክታችሁ)፣ ስንት አባወራና እማወራ እንደሚነካ፣ ባለፈው ክረምት ምን እንዳፈረሰ፣ ውኃው ወዴት መውረድ እንደሚችል፣ ነዋሪው ምን ሊያዋጣ እንደተስማማ። አንድ ገጽ ይበቃል። የፊርማው ዝርዝር ተለይቶ ይያያዝ። ግርጌው ላይ «ግልባጭ፦ ለከተማው ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት» የሚለውን እንዳትረሺ።

ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂና በአንቺ ቅጂ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚለው ማኅተም፣ ቁጥሩና ቀኑ ይመታልሽ። ደብዳቤው ወደ ኃላፊው ሲገባ ጠርዙ ላይ በእጅ ይመራበታል፦ «ለመሠረተ ልማት፣ ተጣርቶ ሙያዊ አስተያየት ይቅረብ» ተብሎ ይፈረማል። የደብዳቤውን ዕድል የምትወስነው ይቺ የጠርዝ ጽሑፍ ናት። «ይታይ» ብቻ ከተባለ ማንም አያየውም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መዝገብ ቤት ተመልሰሽ «ለማን ተመራ? ምን ተብሎ?» ብለሽ ጠይቂ፣ የተመራለትን ባለሙያ ስም ያዢ፣ ከዚያ በኋላ ክትትልሽ ከእሱ ጋር ይሁን። መዝገብ ቤት ያሉትን ሠራተኞች በአክብሮት ያዢያቸው፣ ወረቀቱ የት እንዳለ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ባለሙያው ቦታውን ለማየት ሲመጣ ሽማግሌዎችና በጎርፉ የተጎዱ እናቶች አብረው ይቁሙ፣ ውኃው የሚሄድበትን ያሳዩት። የዋጋ ግምቱ ተሠርቶ ከፋይሉ ጋር ካልተያያዘ ዕቅድ ውስጥ የሚገባ ቁጥር የለም። ስለዚህ «ግምቱ ተሠራ ወይ?» የሚለውን ሳታሰልሺ ጠይቂ።

ስለ ምክር ቤቱ ደግሞ። በአገር አቀፍ ደረጃ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው መጨረሻ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንቱ የምክር ቤት አባል ከተማ ቀይሯል፣ ጡረታ ወጥቷል፣ አርፏል። ስለዚህ «የኛ ቀበሌ ተመራጭ እገሌ ነው» ብላችሁ አትተማመኑ፣ አሁን በስብሰባ የሚገኘው ማን እንደሆነ ከምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ከተመራጩ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ የሚጠቅማችሁ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ግልባጭ አድርጉ ያልኩሽም ለዚህ ነው፦ ኮሚቴው ከጉባኤው በፊት የመስክ ምልከታ ሲያደርግ በእጁ ወረቀት ካለ ሰፈራችሁን ይጎበኛል።

ጉባኤው ላይ የሚሆነውን ሰው አያውቀውም። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይጸድቃል፣ የከንቲባው ሪፖርት ይነበባል፣ አባላት ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ኃላፊው ተነስቶ «ተጣርቶ ይሠራል» ይላል። እኔ ይህንን ስጽፍ ብዕሬ ይከብደኝ ነበር፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ጉባኤ ላይ የሚጠየቅበት ነገር የለውም። ጠንካራ አባል የሆነ እንደሆነ ግን «መቼ? በማን? በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» ይላል። በውሳኔ ደረጃ ከነጊዜው የተጻፈ ነገር በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ይነሳል፣ ኃላፊውም ያውቀዋል። ተመራጫችሁን አግኝታችሁ እነዚህን ቃላት እንዲጠቀም ለምኑት።

መዋጮ መኖሩ ፋይላችሁን ከሌላው ያስቀድመዋል። የኮብልስቶን መንገድ በብዙ ከተማ የተሠራው ነዋሪው ከወጪው ድርሻ እየያዘ ነው። ገንዘቡን በአንድ ሰው እጅ ወይም በአንድ ሰው ስም አታስቀምጡ። በኮሚቴው ስም በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ ክፈቱ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ስታስገቡም በመንግሥት የገቢ ደረሰኝ ብቻ ይሁን። ገንዘብ የሌላቸው አረጋውያን እንዳይሳቀቁ በጉልበትም መሳተፍ ይቻላል ብላችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ። ድሃው የሚያፍርበት ኮሚቴ ሰፈሩን ይከፍለዋል።

በጽሑፍ ጠይቃችሁ መልስ ካጣችሁ ወደ ቅሬታ ሰሚ ሂዱ፣ በአብዛኛው መሥሪያ ቤት አለ። ስለ በጀቱ መረጃ ከተነፈጋችሁ የመረጃ ነፃነት አዋጁን፣ ቁጥር 590/2000ን ጠቅሳችሁ ጻፉ፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ከዚያ ያለፈ በደል ሲሆን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ በክልል ከተሞችም ቅርንጫፍ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ጥቀሱ የሚሉ ሰዎች አሉ። እሱ የፌዴራል ተቋማትን የሚመለከት ስለሆነ ለከተማችሁ ማዘጋጃ ቤት አይሠራም። ወደነዚህ የምትሄዱት ግን የገቢ ቁጥር ያለበት ቅጂ በእጃችሁ ካለ ብቻ ነው።

ሥራው ተጀምሮ ካለቀ ደግሞ ርክክቡ ላይ ተገኙ። መጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፣ የመጨረሻው ከጊዜ በኋላ ነው፣ እስከዚያ የሥራ ተቋራጩ መያዣ ገንዘብ አይለቀቅለትም። በመሃል ክረምት ካለፈበት የተሰነጠቀውን፣ ውኃ ያቆረውን፣ ክዳኑ የተሰበረውን መዝግባችሁ በደብዳቤ አስገቡ፣ በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ከመጨረሻው ርክክብ በኋላ ከሆነ ግን እንደገና የበጀት ጥያቄ ነው የሚሆንባችሁ።

ቦዩ አስፋልቱ ዳር ነው ወይስ ውስጥ ለውስጥ? ከተማችሁ ከንቲባ አላት ወይስ ሥራ አስኪያጅ? እነዚህን ሁለቱን ጻፊልኝና ደብዳቤው ለማን እንደሚጻፍ ለይቼ እነግርሻለሁ።