አየር መንገድ መግባት ለምትፈልጉ ልጆች

አየር መንገድ መግባት እፈልጋለሁ የሚለኝ ወጣት ሁሉ ወይ ፓይለት ወይ ሆስተስ ነው የሚያልመው። አልፈርድም፣ ዩኒፎርሙም ያምራል፣ ደሞዙም ያጓጓል። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት መሬት ላይ፣ ራንዌይ (አውሮፕላን የሚነሳበትና የሚያርፍበት መንደርደሪያ) ዳር ነው። እዚያ ስላለው ሥራ የሚነግራችሁ ሰው ስለጠፋ ልንገራችሁ።

ሜክሲኮ ላይ ወያላው «ኦልድ ኤርፖርት» እያለ ሲጮህ ትሰማላችሁ። ነገሩ የልደታው አሮጌ አየር ማረፊያ ነው። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ ቦሌ ገና አልነበረም። ጄት የሚባለው ነገር ሲመጣ ልደታ ጠበበ። ቦይንግ 720 በ1955 ዓ.ም. ሲገባ ጄቱን የተቀበለው ቦሌ ነው። ለምን? ጄት ለመነሳት ረጅም መሬት ይፈልጋል፣ እዚህ ከተማ ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ የባሰ ይፈልጋል።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ሳስቷል፣ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህሉ የለም። ሞተሩም ክንፉም የሚሠሩት በአየር ስለሆነ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ መሮጥ አለበት፣ አለዚያ ጭነት ወይም ነዳጅ ይቀነሳል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ ለዓመታት ደብሊን ላይ ነዳጅ እየሞላ፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣ የነበረው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

አሁን ድሬዳዋን አስቡ። አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ከፍታው 1,160 ሜትር ገደማ ነው፣ የቦሌ ግማሽ። ቀላል ይመስላል አይደል? ሙቀቱ ግን የራሱን ያስከፍላል። የሞቀ አየርም የሳሳ አየር ነው። ጠዋት ያለ ችግር የሚነሳ ጭነት ቀትር ላይ ሊከብድ ይችላል። ይህን ስሌት የገባው ልጅ መሬት ላይ ብዙ በር ይከፈትለታል፣ ፓይለት ባይሆንም።

«ዓለም አቀፍ» የሚለውን ማዕረግ ሰው በሕንፃው ትልቅነት ይመስለዋል። ሕንፃው ትንሽ ቢሆንም ኢሚግሬሽን፣ ጉምሩክና የጤና ቁጥጥር ከሌለ ከውጭ የመጣን መንገደኛ መቀበል አይቻልም። የእሳት አደጋ መከላከልም አለ። የአየር ማረፊያው የእሳት መከላከል ደረጃ ከ1 እስከ 10 ነው፣ የሚወሰነውም በሚመጣው አውሮፕላን ርዝመትና በአካሉ ስፋት (ክንፉን ሳይጨምር) ነው። የእሳት አደጋው መኪና ከጥሪው በኋላ በ3 ደቂቃ ውስጥ ራንዌዩ ላይ የትኛውም ቦታ መድረስ አለበት። አንዱ መኪና ከተበላሸና ምትክ ከሌለ ደረጃው ዝቅ ሊል ይችላል፣ ያኔ ለበረራ ሰዎችም ወዲያው በማስታወቂያ ይነገራል። ስለዚህ ክልል ላይ ያለች ትንሽ አየር ማረፊያ ውስጥ አንድ ጎበዝ መካኒክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት!

እኔ የምወደው ሥራ ግን የራንዌይ ፍተሻ ነበር። ጎህ ሲቀድ ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ፈቃድ ትጠይቃለህ፣ ሬዲዮህን ከፍተህ በፒክአፕ በዝግታ ትነዳለህ፣ ዓይንህን መሬት ላይ ትተክላለህ። ብሎን፣ የጎማ ቁራጭ፣ ነፋስ ያመጣው ፌስታል፣ የሞተ ወፍ። የሚታየው ሁሉ ይነሳል፣ ሰዓቱና ቦታው ይጻፋል። አዲስ ልጅ ሲመጣ «ለአንድ ብሎን ይሄን ያህል?» ይላል። በ2000 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ኮንኮርድ የተባለውን ፈጣን የመንገደኞች ጄት የጣለው ከሌላ አውሮፕላን የወደቀ፣ ግማሽ ሜትር የማይሞላ የብረት ቁራጭ ነው። 113 ሰው ሞተ።

ወፍም እንዲሁ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳው ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ ውስጥ ገባ፣ ሁለቱም ሞተሮች ተጎዱ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ከዝናብ በኋላ ነፍሳት ሲወጡ ወፍ ይከተላል፣ የሥጋ ትራፊ በተጣለበት ደግሞ ጥንብ አንሳ ያንዣብባል። የወፍ ጉዳይ አጥሩ ውስጥ ብቻ አያልቅም፣ ከቀበሌውም፣ ከቆሻሻ መጣያውም፣ ከሥጋ ቤቱም ጋር መነጋገር ይጠይቃል። ሰው ማግባባት የሚችል ልጅ እዚህ ላይ ከመሐንዲስ አያንስም።

ለእንግሊዝኛችሁ ጊዜ ስጡት። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪና ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ያለ ፓይለት በአቪዬሽን የእንግሊዝኛ ፈተና ቢያንስ ደረጃ 4 ያስፈልገዋል። በሬዲዮ የሚመጣው ድምፅ ፊልም ላይ እንደምትሰሙት ጥርት ያለ አይደለም፣ የኬንያም የቻይናም የፈረንሳይም አነጋገር ይገባበታል። የሰማችሁትን ቁጥር ደግማችሁ ተናገሩ፣ ካልገባችሁ «ድገምልኝ» ለማለት አትፈሩ። አፍሮ ዝም የሚል ሰው እዚህ ሥራ ላይ አይሆንም፣ አለቃ ፊት የሚሽቆጠቆጥም ያው ነው። ይሄ በኛ አገር ልማድ ከበድ እንደሚል አውቃለሁ።

ለመጀመር ማንም አያስፈልጋችሁም። ሜታር የሚባለው የአየር ሁኔታ ዘገባ ስልካችሁ ላይ በነፃ ይገኛል። በአየር ማረፊያው መለያ ፊደላት፣ የቦሌን በኤች ኤ ኤ ቢ (HAAB)፣ የድሬዳዋን በኤች ኤ ዲ አር (HADR) ፈልጉት። ነፋሱን፣ እይታውን፣ ደመናውን፣ ሙቀቱን ጎን ለጎን በደብተር ጻፉ፣ ጠዋትና ቀትር። መጀመሪያ ዝም ብሎ የፊደልና የቁጥር ክምር ይመስላችኋል። ክረምቱን ሙሉ ከጻፋችሁት በኋላ ለቅጥር ፈተና ስትሄዱ ደብተሩንም ያዙት።