ዩኒፎርም ለብሰው ቲክቶክ የሚለቁት ተማሪዎቼ

ጥያቄ፦ ደሴ የ9ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ዩኒፎርም ለብሰው፣ የጦሳን ተራራ ከጀርባ አድርገው ቲክቶክ ይለቃሉ። አንዷን የማታውቀው ሰው በቴሌግራም «ሴክሽንሽ የቱ ነው?» እያለ ያስጨንቃታል። ሳላስፈራራ እንዴት ላስተምራቸው?

መልስ፦ እህቴ መምህርት፣ «ስልክ አትንኩ» ማለቱን ይተዉት፤ ተደብቀው ይነካሉ። ይልቅ የራስዎን አንድ ፎቶ ያሳዩና «የማያውቀኝ ሰው ከዚህ ምን ያገኛል?» ብለው ይጠይቋቸው። የበሩን ጽሑፍ፣ የዩኒፎርሙን ቀለም፣ ታክሲ የሚያዝበትን ቦታ ራሳቸው ይለቅማሉ። እኔ ኮምቦልቻ ሳስተምር ያየሁት፣ ልጅ ከተነገረው ይልቅ ራሱ ያገኘው ልቡ ይገባል።

ቀጥሎ ዕድሜ። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም። ከ13 እስከ 15 ላሉት ደግሞ አካውንቱን ከመጀመሪያው ፕራይቬት፣ ማለትም ባለቤቱ ካልፈቀደለት ሰው የተሰወረ ያደርገዋል። ዓመት ጨምሮ የተመዘገበ ልጅ ግን ይህ ከለላ ያመልጠዋል። ይህንን ደግመው ደጋግመው ይንገሯቸው! ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራቸውን ማንም እንዳያይ ያድርጉ፤ የመግቢያ ኮድም ለጓደኛ ቢሆን አይሰጥም። የተለቀቀ ነገር ቢጠፋም፣ ስክሪንሾት ያነሳ ሰው እጅ ላይ ይቀራል።

ልጅቷን ግን «ማን ልቀቂ አለሽ?» እንዳይሏት፣ አደራ። ጥፋተኛው እሱ ነው። መልእክቶቹን ሳታጠፋ ስክሪንሾት ታንሳ፣ ከዚያ ብሎክ ታድርገው። ማስፈራራት ከጀመረ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። እናቷን ሲያናግሩም ልጅቷ አብራ ትቀመጥ።