የማይፈታ ብሎን ያለው ይጠይቅ፦ ስለ ሶኬትና ቢት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ጋራዣችን በር ላይ ቆሟል። ሥራ የለም። ስለዚህ ስለ ብሎን ጠይቁኝ፣ በተለይ የተለመደው ቁልፍ እምቢ ስላለው። ሶኬት የምለው የብሎኑን ራስ የሚለብሰውን ቁልፍ ነው፣ ቢት ደግሞ ራሱ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን። ሦስት ነገር ብቻ፦ የመኪናውን ዓይነት ጻፉ፣ ብሎኑ የት ቦታ እንዳለ ንገሩኝ፣ ቀዳዳውን ጥረጉና ፎቶ አንሱ። ዋጋ አትጠይቁኝ፣ ነጋዴ አይደለሁም።

ከኮምቦልቻ (ቪትዝ)፦ ጋሼ ሰላም ነው? የራሴን ቁልፍ ልገዛ ነው። የትኞቹ ቁጥሮች ይበቁኛል?

መልስ፦ ለጃፓን መኪና 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ካለህ ብዙውን ትፈታለህ። የቶዮታ የጎማ ዳዶ 21 ነው፣ የሱዙኪ 19። የቆየችው ቪትዝ ካንዴላ 16 ነው፣ አዳዲሶቹ ላይ 14 ታገኛለህ። 10 ቁጥርን ሁለት ግዛ፣ አንዱ መጥፋቱ አይቀርም። ደግሞ ሶኬቱ ውስጡ 6 ማዕዘን ይሁን። 12 ማዕዘኑ የብሎኑን ጠርዝ ነው የሚይዘው፣ ዝገት ያለበት ከሆነ ጠርዙን በልቶ ክብ ያደርግልሃል። 6ቱ ግን ጎን ለጎን ተደግፎ ይይዛል።

ከመርሳ፦ በዚህ አልስማማም። 12 ጥበት ቦታ ላይ ቶሎ ይገባል። 15 ዓመት ሠርቼበታለሁ።

ከኮምቦልቻ (ሌላ)፦ 15 ዓመት ስንት ብሎን እንደበላህ አንተና አላህ ታውቃላችሁ 😂

መልስ፦ ተዉ እንጂ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ንጹህ ብሎን ላይ፣ እጅ በማይዞርበት ቦታ፣ 12 ሸጋ ነው። እምቢ ያለ ብሎን ላይ ግን 6። ራሱ ብሎኑ 12 ጫፍ ሆኖ የተሠራም አለ፣ እሱን 6ቱ አይነካውም።

ከወልዲያ (ጎልፍ)፦ ጋሼ፣ የፊት አክስል ልፈታ ብዬ ብሎኑ ኮከብ ሆነብኝ። የቶርክስ ቢት በመዶሻ መትቼ አስገባሁ። ስጠመዝዘው ውስጡ ተበላ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። ወንድሜ፣ ጫፎቹን ቆጥረሃል? ቶርክስ 6 ጫፍ ነው። አንተ ያየኸው 12 ነው። ስሙ ኤክስ ዜድ ኤን ይባላል፣ ሦስት ካሬዎች አንዱ በአንዱ ላይ ዞሮ እንደተደራረበ አስበው። ቮልስዋገንና ኦዲ ይወዱታል፦ አክስል፣ ወንበር፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ላይ ሳይቀር። ቶርክስ ስትመታበት በሩቁ የገባ ይመስላል እንጂ ጥርስ ለጥርስ አይገናኙም። ባለ ሁለት ስድስት ማዕዘን የሚባለውም 12 ጫፍ አለው፣ እሱ ጫፉ ደነዝ ነው፣ 120 ዲግሪ። ኤክስ ዜድ ኤን ሹል ነው፣ 90። ለአክስሉ እንደ መኪናው ኤም 8 ወይም ኤም 10 የሚባለውን መጠን ነው የምትፈልገው።

አሁን ዋናውን ስማ። ያ ብሎን ከመሬት ፊት ለፊት ነው የሚውለው። ጭቃና ግሪስ ተጋግሮበታል። ቢቱ ሁለት ሚሊ ብቻ ገብቶ «ገብቷል» ትላለህ። እኔ ጋ ከእናቴ የስፌት ሙዳይ የወሰድኳት ወስፌ አለች። እሷን በየጫፉ እያስገባሁ እጭራለሁ፣ በአየር እነፋለሁ፣ ደግሜ እጭራለሁ። ከዚያ ቢቱን አቁሜ በመዶሻ ቀስ አድርጌ እመታለሁ። መጀመሪያ ድምፁ ድፍን ነው። ወለሉን ሲነካ «ቃ» ይላል። «ቃ» ሳይል ቁልፍ አትንኩ።

ለተበላው፦ ዳዶ ብሎኑ ራስ ላይ አስቀምጠህ ውስጡን አስበይድ። ሙቀቱም ያላላዋል፣ ዳዶውም መያዣ ይሆንሃል። ባትሪው መጀመሪያ ይነቀል። የአክስሉ የጎማ ሽፋን ቅባት ያለበት ስለሆነ እሳቱን ጠብቅ።

ከባቲ፦ የኮከብ ብሎን ስንት ቁጥር ነው?

መልስ፦ የምን መኪና? የቱ ጋ? ከላይ ምን አልኩ?

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ቶርክስ ላይ ቲ እና ኢ የሚባለው ልዩነቱ ምንድነው?

መልስ፦ ቲ ቀዳዳ ነው፣ ቢት ይገባበታል። ኢ ራሱ ኮከብ ነው፣ ሶኬት ይለብሳል። ኢ 10 ማለት 10 ሚሊ ማለት አይደለም፣ ከጫፍ ጫፍ 9.4 አካባቢ ነው። 8 ቁጥር ሶኬት እየቀጠቀጣችሁ አታልብሱት። ቲ 27ን ቲ 30 ውስጥም እንዲሁ፣ ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ ነው፣ ብሎኑን ለመብላት ግን ይበቃል። ቀዳዳውን ጥረጉ።

ከመካነ ሰላም፦ መኪናዬ ነዳጅ ትበላለች፣ ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ ሌላ ቀን።

ከሐይቅ (ኤንፒአር)፦ የጭነት አይሱዙዬ የኋላ ግራ ጎማ ዳዶ አልፈታም አለ። ቧንቧ ሰክቼ ሁለት ሰው ቆመንበት ቁልፉ ተሰበረ።

መልስ፦ እየፈታችሁ ሳይሆን እያጠበቃችሁ ነበር። ብዙ ኤንፒአር ላይ የግራው ጎን ጥርሱ ግራ ነው፣ በተቃራኒ ነው የሚፈታው። የብሎኑን ጫፍ ጥረግና «ኤል» የምትለዋን የፈረንጅ ፊደል ፈልግ። ውጪኛው ዳዶ 41 ነው፣ ውስጠኛው አራት ማዕዘን 21።

ከኮምቦልቻ (ሹፌር)፦ የእኔ አይሱዙ በሁለቱም ጎን እንደ ቤት መኪና ነው የሚፈታው። ዝም ብላችሁ ሰው አታሳስቱ።

ከሐይቅ (ኤንፒአር)፦ የኔ ኤል አለው እኮ! አሁን አየሁ።

ከኮምቦልቻ (ሹፌር)፦ ያንተ አሮጌ ነው።

ከሐይቅ (ኤንፒአር)፦ አሮጌው ነው ሐረጎን በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣው፣ ያንተ ተሳቢ ይፈልጋል 😂

መልስ፦ «ብዙ» ነው ያልኩት፣ «ሁሉም» አላልኩም። ጎማ አሳሰሩ የተለየ አይሱዙ አለ፣ በእሱ ሁለቱም ጎን ቀኝ ጥርስ ነው። ለዚህ ነው ፊደሉን እዩ የምለው። የሐረጎን ክርክር በውስጥ ጨርሱ።

ከባቲ፦ ጋሼ፣ የኮከብ ብሎን ስንት ቁጥር እንደሆነ አልመለስክልኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ቁመቴ ስንት ነው?» ብለህ በስልክ ብትጠይቀኝ ምን እላለሁ? ፎቶ!

ከከሚሴ፦ ጋሼ፣ የአባቴን ቮልስዋገን የፍሬን ሸራ ልቀይር ነው። «አለን» የሚባለው ባለ ስድስት ማዕዘን ቢት፣ 6ቱ ይላላል፣ 8ቱ አይገባም። ብሎኑ ተበልቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አልተበላም፣ 7 ነው። ብዙ የቁልፍ ሳጥን ውስጥ 7 የለም፣ ለዚህ ነው ሰው 6ን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያበላሸው። ቆም ብለሽ መጠየቅሽ ጎበዝ ያሰኝሻል። ሌላም ይገጥምሻል፦ የቆየ ማንዋል ካምቢዮ የዘይት ብሎኑ 17 አለን ነው። እሱን ከየት ታመጫለሽ? ራሱ 17 ቁልፍ የሚይዘው ኤም 10 ብሎን ግዢ። ሁለት ዳዶ አስገቢበትና እርስ በርስ አጥብቀሽ ቆልፊያቸው። የብሎኑን ራስ ቀዳዳው ውስጥ ጨምረሽ ዳዶውን በቁልፍ አዙሪ። እኔ ስንት ካምቢዮ በዚች ከፍቻለሁ። ዘይት መሙያው መከፈቱን ሳታረጋግጪ ግን ማፍሰሻውን አትክፈቺ፣ ባዶ ካምቢዮ ይዘሽ ትቀሪያለሽ።

ከቆቦ፦ ቶርክስ ሆኖ መሃሉ ላይ እንጨት የመሰለች ነገር ቆማለች።

መልስ፦ መሃሉ የተበሳ ቢት ግዛ። መሪው ላይ ያለው ኤርባግ ከሆነ ግን አትንካው።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፦ እኔ በነጩ ሶኬት በአየር ነው የምፈታው፣ ጎሚስታዎች ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።

መልስ፦ ሁሉም አያደርጉም። ነጩ ክሮም ለእጅ ነው። አየር ሲመታው ይሰነጠቃል። እኔ ጋ አንድ ጊዜ ፈንድቶ ስባሪው የልጁን ቱታ እጅጌ በስቶ ወጣ። ለአየር ጥቁሩን ወፍራሙን ተጠቀሙ።

ከመርሳ፦ ዝገት ላይ ናፍታ ነው ወይስ የፍሬን ዘይት የሚሻለው?

ከኮምቦልቻ፦ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል!

ከመርሳ፦ ሻሲ ምን ቀለም አለው?

መልስ፦ ናፍታ፣ ማታ አርከፍክፈህ ጠዋት ፍታ። ትዕግሥት ካለህ።

ከደሴ (አይዲ 4)፦ የኤሌክትሪክ ቮልስዋገኔን ከሥር ያለውን የባትሪ ክዳን ብሎን ለመፍታት ምን ቢት ልግዛ?

መልስ፦ ምንም። ከ2016 ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ስለበዛ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። ብርቱካናማ ኬብል ባለበት አትግቡ፣ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ነው።

ከወልዲያ (ጎልፍ)፦ ጋሼ፣ በወስፌ ጠረግሁት። ቆጠርኩት፣ እውነትም 12! ከ6ቱ ብሎን የተበላው አንዱ ብቻ ነው። 5ቱ ደህና ናቸው። ቢቱን ግን ወልዲያ ላይ አጣሁት።

መልስ፦ አብሽር። ነገ ወደ ደሴ የሚመጣ ሹፌር ካለ ላክብኝ፣ የኔን ኤም 8 እና ኤም 10 በአደራ እሰጠዋለሁ። «ቃ» ሳይል እንዳታዞረው።

ከባቲ፦ ፎቶ ልኬያለሁ ጋሼ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ ጭቃ ነው።