መልስ፦ ችፑድ ወይስ ብሎኬት?

ወንድሜ፣ «ድሬዳዋ ሳቢያን ለምሠራው ቤት ክፍልፋይና ኮርኒስ ከአካባቢ አንፃር ችፑድ ይሻላል ወይስ ብሎኬት?» ላልከው፣ ችግሩ እንጨቱ አይደለም። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፤ 500 ኪሎ የሚመዝን አንድ ሜትር ኩብ ወደ 900 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ወስዶ ያስቀመጠ ማለት ነው። የብሎኬቱ ሲሚንቶ በአንፃሩ ሲመረት የኖራ ድንጋዩ ይቃጠልና ይህንኑ ጋዝ ወደ አየር ይለቃል። ግን ጥቅሙ የሚቆየው ቦርዱ እስከቆየ፣ በተቆረጠው ዛፍ ምትክም እስከተተከለ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሙጫው ነው። ርካሽ ችፑድና ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት የሚጠፈጠፈው ቦርድ) የሚጣበቁት አብዛኛውን ጊዜ ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ በሚባል ሙጫ ነው፤ ከእሱ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ ሙቀትና እርጥበት ሲጨምርም ይብሳል። በድሬ ሙቀት ቆርቆሮ ሥር የተመታ ኮርኒስ እንዴት እንደሚግል ታውቀዋለህ! ጋዙ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ካንሰር አምጪም ነው። ስለዚህ ለኮርኒሱ ችፑዱን ተወውና ኮምፔንሳቶ አድርግ። ጠርዙን ስታየው በንብርብሮቹ መካከል ጥቁር ቡናማ የሙጫ መስመር ካለ ብዙ ጊዜ ፌኖሊክ የሚባለው ሌላ ዓይነት ሙጫ ነው፤ የሚለቀው ጋዝ በጣም ያነሰ ነው።

ለክፍልፋዩ ችፑድ ከገዛህ «ኢ1» (E1) የሚል፣ የሚለቀው ፎርማልዴሃይድ አነስተኛ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ያለበትን ምረጥ። ፊቱ ቢሸፈንም የተቆረጠው ጠርዝ ክፍት ነው፤ ጋዙ የሚወጣውም ውሃ የሚገባውም በዚያ ነውና ሳትገጥመው በፊት ዙሪያውን ዝጋው። ከወለሉም ከፍ አድርገው፤ የመወልወያ ውሃ አንዴ ካሳበጠው አይመለስም፣ ይጣላል፣ የያዘው ካርቦንም ተመልሶ አየር ላይ ነው። ምስጥም ከታች ነው የሚጀምረው። ቁርጥራጩን ደግሞ አደራ፣ ለእንጀራ ምድጃ እንዳትሰጥ፤ ጭሱ መርዛማ ነው።