ፈረሱ ዲ4 ላይ ሲዘል

ጥያቄ፦ በቼዝ የጣሊያንን አከፋፈት (ወታደር ኢ4፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ቢሾፕ ሲ4) እስከ 10ኛው እርምጃ ሸምድጃለሁ። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ከጓደኛዬ ጋር በነጭ ስጫወት ግን ገና በ3ኛው እርምጃ ፈረሱን ከሲ6 ወደ ዲ4 አዘለለብኝ። ጠባቂ ያጣውን የኢ5 ወታደር በፈረሴ በላሁ፤ በ7ኛው እርምጃ ማት አደረገኝ። ሌላ አከፋፈት ልያዝ?
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ሌላ አይያዙ። የሸመደዱት ልክ ነው፤ የቀረዎት እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደሚደረግ ማወቅ ነው።

ኢ4 ላይ የቆመው ወታደር ዲ5ንና ኤፍ5ን ይቆጣጠራል፣ ለቢሾፑና ለንግሥቷም መንገድ ይከፍታል። ሲ4 የወጣው ቢሾፕ ኤፍ7ን ያነጣጥራል፤ ያንን ቤት ከንጉሡ በቀር የሚጠብቀው የለም። ኤፍ3 ላይ ያለው ፈረስ ደግሞ የኢ5ን ወታደር ከማስፈራራቱም በላይ ጂ5ን ይጠብቃል። እርስዎ የሳቱት ይህንን ነው። ፈረሱ ወታደሩን ሊበላ ሲሄድ የጥቁሩ ንግሥት ጂ5 ወጥታ ፈረስዎንና የጂ2ን ወታደር በአንድ ጊዜ ያዘች። ከዚያ ፈረስዎ ኤፍ7ን ሲበላ (ንግሥቷንና ሩኩን አንድ ላይ ስለሚያስፈራራ በጣም ያጓጓል) እሷ ጂ2ን በላች፤ ሩኩ ኤፍ1 ሲገባ ኢ4ን በልታ ቼክ አለች (ንጉሥዎን አስፈራራች)፤ ቢሾፕዎ ኢ2 ላይ ሲጋርድ የጥቁሩ ፈረስ ኤፍ3 ላይ ጨረሰ። ቢሾፕዎ በንግሥቷ ስለታሰረ (ከተነሣ ንጉሥዎ ለእሷ ይጋለጣል) ፈረሱን መብላት አይችልም፤ የንጉሥዎን መውጫ ሁሉ የዘጉት የራስዎ ጠጠሮች ናቸው።

በ4ኛው እርምጃ የዲ4ን ፈረስ በፈረስዎ ይብሉ። ጥቁሩ በወታደር መልሶ ሲበላ ካስል ያድርጉ (ንጉሡንና ሩኩን በአንድ ተራ አንቀሳቅሰው ንጉሡን ያስጠልሉ)። «አንድን ጠጠር ሁለቴ አታንቀሳቅስ» ይባል የለ? እዚህ አይጎዳም፤ ሁለት ተራ የፈጀ ፈረስ ሁለት ተራ በፈጀ ፈረስ ተለወጠ፤ መልሶ ለመብላት ግን ጥቁሩ ሌላ ተራ ከፈለ። ቢሾፕዎ ወጥቷል፣ ንጉሥዎ ተጠልሏል። ጥቁሩ ግን ከወታደር በቀር አንድም ጠጠር አላወጣም፣ ወታደሮቹም በዲ መስመር ተደራርበዋል።

ወታደሩን በልተው ንግሥቷ ጂ5 ከወጣች በኋላም ቢሆን ኤፍ7ን በቢሾፕ በልተው ቼክ ይበሉ፤ ንጉሡ ሲሸሽ ካስል ያድርጉ። ፈረስዎን ያጣሉ፤ በምትኩ ሁለት ወታደር ያገኛሉ፣ የጥቁሩም ንጉሥ ካስል ማድረግ አይችልም።

በአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ «ወረራ» በሚባለው መጀመሪያ ላይ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያሰልፋሉ። በቼዝ ግን አንድ ለአንድ ነውና ያባከኑትን ተራ ባላጋራዎ ይጠቀምበታል።

ለልምምድ፣ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 10 እርምጃዎች ደብተር ላይ ከነምክንያታቸው ይጻፉ፤ የለቀቁትን ቤት ማን እንደሚጠብቀውም ጭምር። ምክንያት ያጡበት እርምጃ ላይ ሲደርሱ ሰሌዳውን መልሰው ይደርድሩና ከዚያው ይጀምሩ።